ጠያቂ ሐኪም፦ ባህል ተሻግረው የሚያክሙ ባለሙያዎችን ስለ ማሠልጠን



ሜላኒ ተርቫሎን እና ጃን መሪ-ጋርሲያ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1998 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት አጭር ታሪክ አለ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ሴት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ጥቂት ሰዓት አልፏል፤ አልጋዋ ላይ ሆና ታቃስታለች። ለምክር ተጠርቶ የመጣ ሐኪም፣ እሱም ወገኗ የሆነ፣ ይሰማትና ሴትዮዋ በብርቱ እየታመመች እንደሆነ ለተረኛዋ ነርስ ይነግራታል። ነርሷ ግን አልደነገጠችም። ስለ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ባህል የሚያስተምር ኮርስ ወስዳለች። የላቲን ሕዝቦች ሕመማቸውን አጋነው ይገልጻሉ ተብላ ተምራለች። ከሴትዮዋ ባህል የወጣው ሐኪም አጠገቧ ቆሞ እየነገራት፣ እሷ ያመነችው የኮርሱን ማስታወሻ ነው።

ይህች ነርስ ለታካሚ ግድ የሌላት ሰው አልነበረችም። ሥልጠናም አልቀረባትም። ጆሮዋን የደፈነው ሥልጠናው ራሱ ነው። ስለ ባህል ምንም ያልተማረች ብትሆን ኖሮ ምናልባት ወደ አልጋው ጠጋ ብላ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ትል ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች ከዚህ ተነሥተው «የባህል ትሕትና» ያሉትን አስተሳሰብ አቀረቡ። ባለሙያው የሌላውን ባህል አጥንቼ ጨረስኩ የሚልበት ቀን እንደማይመጣ፣ የራሱንም ግምት ዕድሜ ልኩን መፈተሽ እንዳለበት የሚያስገነዝብ ነው።

ዛሬ የምሟገትለት ሐሳብ ከዚሁ ይነሣል። የጤና ባለሙያን ስለ ሌላው ሕዝብ ጠባይ ዝርዝር አስይዘን ብንልከው አላሠለጠንነውም። መጠየቅን እናስተምረው። የተጠየቀው ሰው በሰጠው መልስ መሠረት አሠራሩን ሊለውጥ የማይችል ሐኪም ቤት ውስጥ ከመደብነው ደግሞ መጠየቁም ከንቱ ይቀራል።

ዝርዝር ስለ እኛም አለ። ሲያትል፣ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ሐኪም ስለ ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ምክር ቢፈልግ፣ በትልቅ ሰው ፊት ዓይናቸውን እንደሚሰብሩ፣ ሕመማቸውን ቶሎ እንደማይናገሩ፣ ክፉ ዜና በቀጥታ ሊነገራቸው እንደማይገባ ሊያነብ ይችላል። የመጨረሻውን ነጥብ ለአሜሪካ ሐኪሞች በሚገባ ያብራሩት የውብዳር በየነ የተባሉት ኢትዮጵያዊት የአንትሮፖሎጂ ምሁር ናቸው፤ ጽሑፋቸው በ1992 ወጥቷል። የአሜሪካ ሐኪም ምርመራው እንዳለቀ ውጤቱን ለታካሚው ፊት ለፊት መናገር ግዴታው ነው ብሎ ያምናል። እኛ ዘንድ ግን ከባድ ነገር አስቀድሞ ለቤተ ዘመድ ይነገራል፤ ጊዜውንና አነጋገሩን እነሱ ይመርጡለታል። የመርዶን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም። መርዶ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚያጽናና አጠገብ ኖሮ እንጂ ባዶ ቤት ውስጥ በስልክ አይረዳም። ካንሰር እንዳለበት ብቻውን በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ በአምስት ደቂቃ የተነገረው ሽማግሌ ጭካኔ እንደተፈጸመበት ቢያስብ አይገርምም።

ይህን ማወቅ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ወደ ሕግ ሲለወጥ ግን ሌላ ሰው ይጎዳበታል። እዚያው አሜሪካ ተወልዳ ያደገች፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ስለ ጡቷ ምርመራ ውጤት ከራሷ በፊት ወንድሟ እንዲሰማ የማትፈልግ ኢትዮጵያዊት አለች። ስሟን አይቶ ወንድሟን የሚጠራ ሐኪም ባህሏን ያከበረ መስሎት ምሥጢሯን ያወጣል። ለሽማግሌውም ለእሷም የሚሠራ አንድ መንገድ አለ፤ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት «ውጤቱ ሲመጣ ከማን ጋር እንድንነጋገር ይፈልጋሉ? እርስዎ ብቻ ይስሙት ወይስ አብሮዎት የሚሆን ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ። ሽማግሌው «ልጄ ትስማው» ሊል ይችላል። ሴትዮዋ «እኔ ብቻ» ልትል ትችላለች። ሐኪሙ ሁለቱንም ማስተናገድ የሚችለው አስቀድሞ ከጠየቀ ነው።

አሁን በሕክምና ትምህርት ቤቶች በብዛት ወደሚነገረው ታሪክ ልለፍ፤ ሊያ ሊ ስለምትባል ሕፃን ነው። ወላጆቿ ከላኦስ ተራሮች በጦርነት ተሰደው ካሊፎርኒያ ውስጥ መርሴድ በምትባል ከተማ የሰፈሩ የሕሞንግ ተወላጆች ናቸው። ሊያ በ1982 ተወለደች፤ ሦስት ወር ሲሆናት የሚጥል በሽታ ጀመራት። ወላጆቿ ምክንያቱን ያውቃሉ። ታላቅ እኅቷ በሩን በኃይል ስትዘጋው ሕፃኗ ደንግጣ ነፍሷ ከሥጋዋ ኮብልላለች፤ ስለዚህ ነፍሷ በሥርዓቱ መጠራት አለባት። ደግሞም በእነሱ ዘንድ ይህ በሽታ ያስፈራል እንጂ ውርደት አይደለም፤ የያዘው ሰው መንፈሳዊ አዋቂ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። ሐኪሞቹ ደግሞ የሚያውቁት የአንጎልን የኤሌክትሪክ መዛባት ነው። ሁለቱም ወገኖች ልጅቷን ከልብ ይወዷት ነበር፤ ታሪኩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የታዘዘላት መድኃኒት 23 ጊዜ ተለዋውጧል። ወላጆቿ ማንበብ አይችሉም፤ በየጊዜው የሚለወጠውን ጠርሙስ፣ ግማሽ ክኒን፣ ሩብ ማንኪያ ማን አብራርቶላቸው? አስተርጓሚ አብዛኛውን ጊዜ አልነበረም። መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት አልሰጡም ተብሎም ልጅቷ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከእጃቸው ተወስዳ ለአሳዳጊዎች ተሰጠች፤ ቆይታ ተመለሰች። በ1986 መጨረሻ ላይ በደም መመረዝ የታጀበ እጅግ ከባድ ጥቃት ደርሶባት አንጎሏ ሞተ ማለት ይቻላል። ሐኪሞቹ በቀናት ውስጥ ትሞታለች ብለው ነበር፤ ቤተሰቦቿ ግን አዝለው፣ አጥበው፣ አጉርሰው ለሃያ ስድስት ዓመት ያህል አኖሯት። ያረፈችው በ2012 ነው። አን ፋዲማን ይህን ታሪክ በ1997 በመጽሐፍ አውጥታዋለች፤ የአሜሪካ የሕክምናና የነርስነት ተማሪዎች ብዙዎቹ ያነቡታል።

አንባቢዎቹ ከዚህ ታሪክ የሚማሩት ብዙውን ጊዜ ስለ ሕሞንግ እምነት ነው። እኔ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ወላጆቿ ምን እንደሚያምኑ ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም ነበር፤ ጥሩ አስተርጓሚ ይዞ አንድ ከሰዓት በኋላ መቀመጥ ይበቃ ነበር። ሐኪሞቹ ትጉሃን ነበሩ፤ ሌሊት ለሊያ ሲጠሩ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ይሮጡ ነበር። መርፌ እንዴት እንደሚወጋ ተምረዋል፤ እናቲቱን ምን ብለው እንደሚጠይቋት ግን በትምህርታቸው ዘመን ማንም አላለማመዳቸውም።

ጥያቄዎቹ እኮ ነበሩ። ታይዋን ውስጥ ጥናት ያደረገው የአእምሮ ሐኪምና የአንትሮፖሎጂ ምሁር አርተር ክላይንማን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1978፣ ሊያ ከመወለዷ አራት ዓመት ቀድሞ፣ አሳትሟቸዋል። እንደኛ አነጋገር እንዲህ ይሆናሉ፤ በሽታዎን ምን ይሉታል? ምን ያመጣው ይመስልዎታል? ለምን ያኔ ጀመረዎት? ምን ያደርግዎታል? ይከብዳል ወይስ ቶሎ ይለቃል? ምን ዓይነት ሕክምና ያስፈልገኛል ይላሉ? ሕክምናው ምን እንዲያስገኝልዎት ይሻሉ? በኑሮዎ ላይ ያመጣብዎት ችግር ምንድን ነው? ከሁሉም የሚያስፈራዎት የቱ ነው?

ቀላል ይመስላሉ። አንድ ሠልጣኝ ነርስ ትኩሳት ያለበት ልጅ ያመጣችን እናት ሲጠይቅ እንየው። «ምን ያመጣው ይመስልሻል?» ሲላት «ምች ነው» ትለዋለች። ብዙው ሠልጣኝ እዚህ ላይ ፈገግ ብሎ ወደ ቴርሞሜትሩ ይመለሳል፤ ምች በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ጎበዙ ግን ይቀጥላል። «መቼ መታው?» «ከትናንት ወዲያ፣ በልቶ ፀሐይ ላይ ሲጫወት።» «እስካሁን ምን አደረግሽለት?» «ዳማከሴ አሽቼ አሸተትኩት፤ ጭማቂውንም በቡና አጠጣሁት፤ አልተወውም።» «ምን ፈራሽ?» «የጎረቤቴ ልጅ እንዲሁ ጀምሮት አንገቱ ደረቀ።» በአራት ጥያቄ ስንት ነገር እንደወጣ ተመልከቱ! ትኩሳቱ ሁለት ቀን አልፎታል፤ በቤት የተሰጠው ይታወቃል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ አንገቱ የደረቀ ልጅ አለ፤ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ይህን ወሬ የሚሰጥ የላቦራቶሪ ምርመራ የለም። ምችን ማመን ከነርሱ አልተፈለገም፤ እናትዮዋ እስክትጨርስ መስማት ብቻ ነው የተፈለገበት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። አባባሉ እውነት ነው፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ በደባቂው ላይ ይጥላል። በአንድ የምርመራ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ሳይደብቅ፣ ስላልተጠየቀ ብቻ፣ ሳይናገር እንደወጣ ያየ አስተማሪ አባባሉን ለሐኪሙም ሊያነብለት ይወዳል።

የአስተርጓሚን ጉዳይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ከሥልጠናው ሁሉ ብዙ የተበደለው ክፍል እሱ ነውና። ግሌን ፍሎረስና ባልደረቦቹ በ2003 ባወጡት ጥናት፣ በአንድ የሕፃናት ክሊኒክ ስፓኒሽ የሚናገሩ ቤተሰቦች በአስተርጓሚ የታከሙባቸውን 13 ምርመራዎች ቀርጸው ቃል በቃል መረመሩ። በአንድ ምርመራ በአማካይ 31 የትርጉም ስህተት አገኙ፤ ከስህተቶቹም 63 በመቶ የሚሆኑት በታካሚው ጤና ላይ ጉዳት ሊያደርሱ የሚችሉ ነበሩ። ያልሠለጠነ ሰው፣ ዘመድም ይሁን በአጋጣሚ የተገኘ ሠራተኛ፣ ሲያስተረጉም አደገኛው ስህተት ይበዛል። በአሜሪካ በ2016 የወጣው ደንብ ከአስቸኳይ አደጋ በቀር ልጅ ለወላጁ እንዳያስተረጉም የከለከለው ያለ ነገር አይደለም። ስደት ላይ ያደጉ ብዙ የእኛ ልጆች ይህን ሸክም ያውቁታል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ለማያውቀው ሐኪም እንዲያስረዳ ሲደረግ፣ እናት ግማሹን ትውጠዋለች፤ ልጅም ያልገባውን ይዘላል።

በአስተርጓሚ መነጋገርን በክፍል ውስጥ ስናለማምድ ሦስት ወንበር እናስቀምጣለን። ሠልጣኙ እንደ ሐኪም፣ አንድ ትልቅ ሰው እንደ ታካሚ፣ ሦስተኛው እንደ አስተርጓሚ ይቀመጣሉ። ውይይቱ በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ሠልጣኙ ሳያውቀው ወንበሩን ወደ አስተርጓሚው ያዞራል። «ሆዷን ያማታል ወይ በላት» ማለት ይጀምራል። ታካሚዋ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ በሌለችበት የሚወራባት ትሆናለች፤ ቀስ በቀስ ትከሻዋ ይወድቃል፤ መልሷም «አዎ» እና «አይ» ብቻ ይሆናል። እዚህ ላይ እናስቆማለን። ወንበሮቹን እንደገና እናስተካክላለን፤ ሠልጣኙ ፊቱን ወደ ታካሚዋ፣ አስተርጓሚው ከታካሚዋ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ። ሠልጣኙ በቀጥታ «ሆድዎን ያምዎታል?» ይላል። አጭር ይናገራል፤ ያቆማል፤ ይጠብቃል። አስተርጓሚውም «ታማለች» አይልም፤ «ታምሜያለሁ» ይላል፤ ምንም አይጨምርም፣ ምንም አያስቀርም። በመጨረሻም ሠልጣኙ «ገባዎት?» ብሎ አይጠይቅም፤ ለዚህ ጥያቄ ጨዋ ሰው ሁሉ «ገብቶኛል» ነው የሚለው። «ቤት ሲገቡ ይህን መድኃኒት እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ይንገሩኝ» ይላል። ሲደጋገም ሰውነት የሚለምደው ነገር ነው፤ በንግግር ብቻ ግን ማንም አይማረውም።

ከአስተርጓሚም የሚያመልጥ ነገር አለ። ሰዓትን ውሰዱ። አሜሪካዊት ነርስ ለአንዲት እናት ኢንሱሊን «ጠዋት በስምንት፣ ማታ በስምንት» ብላ ወረቀት ላይ ቁጥሩን ትጽፍላታለች። እናትዮዋ ግን የምትቆጥረው በእኛ ሰዓት ነው፤ ስምንት ሰዓት ለእሷ ከምሳ በኋላ ነው። ቁርስ ከበላች ስድስት ሰዓት አልፏት ትወጋለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳሯ የተዛባ ሆኖ ሲገኝ መዝገቧ ላይ «መመሪያ አትከተልም» ተብሎ ይጻፍባታል። የጾሙ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ብዙዎች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ሙስሊሙ በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ ውኃም አይጠጣም። «ከምግብ ጋር በቀን ሦስት ጊዜ» የሚል ትእዛዝ ለዚህ ሰው መድኃኒቱንና እምነቱን አጣልቶ ምረጥ የማለት ያህል ነው። ብዙው ሰው የሚመርጠውን እናውቃለን፤ ለሐኪሙም አይነግረውም። አስቀድሞ የጠየቀ ሐኪም ግን መጠኑንና ሰዓቱን ለማስተካከል፣ ሕመሙ ለማይፈቅድለትም ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር እንዲመክር ለማበረታታት ጊዜ ያገኛል።

እስራኤል ውስጥ የሆነውን ደግሞ ማንሣት አለብኝ፤ የሥልጠናን ጥቅምም ወሰንም በአንድ ላይ ያሳያልና። ቤተ እስራኤል በ1984 ማብቂያና በ1985 መባቻ በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ሄዱ፤ በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ ተጓጓዙ። ከጎንደር ገጠር ተነሥቶ በማግሥቱ የጤና ካርድ፣ የቤተሰብ ሐኪምና የቀጠሮ ቁጥር የተሰጠው ገበሬ ነበር። ሲመጡ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በፍጥነት ተስፋፋ። አኗኗር ተለወጠ፤ የእግር ጉዞው ቀረ፤ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ መጣ። ሐኪሙ «ዕድሜ ልክዎን ይወስዱታል» ብሎ ክኒን ያዛል። መድኃኒት እስኪሻል የሚወሰድ ነገር ነው ብሎ ላደገ፣ ምንም ሕመም ለማይሰማው ሰው ይህ ምን ማለት ነው? የአመጋገብ መመሪያው ዳቦ በቁራሽ የሚቆጥር ከሆነ ከጋራ ትሪ እንጀራ የሚጎርስ ሰው ምኑን ይቁጠር?

ሐዴራ በሚገኘው ሂሌል ያፌ ሐኪም ቤት ትሠራ የነበረችው ዶክተር አናት ያፌ በ1998 ከማኅበረሰቡ ባለሙያዎች ጋር «ጤና ብሪዑት» የተባለውን ድርጅት መሠረተች። በዚያው ዓመት ገደማ ክላሊት በተባለው የጤና መድን ድርጅት ክሊኒኮች ውስጥም ከማኅበረሰቡ የተመረጡ አገናኞችን የሚመድብ ፕሮግራም ተጀመረ። አገናኞቹ አማርኛና ትግርኛን ወደ ዕብራይስጥ ከመመለስ አልፈው ይሠራሉ። ታካሚው ቤት ይሄዳሉ፤ ማጀት ውስጥ ያለውን ያያሉ፤ ለታካሚው የሐኪሙን፣ ለሐኪሙም የታካሚውን ሁኔታ ያስረዳሉ። ሐኪሞቹ ከእነሱ ከተማሯቸው ነገሮች አንዱ፣ ሽማግሌው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ» ሲሉ ማክበራቸው እንጂ መስማማታቸው ላይሆን እንደሚችል ነው። በሲያትል ሃርበርቪው ሐኪም ቤትም ከ1994 ጀምሮ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ የሚናገሩ እንዲህ ያሉ አስተርጓሚ-አገናኞች ተቀጥረዋል። እኔ እንደማምነው ለሐኪም ከሚሰጥ የአንድ ቀን ዐውደ ጥናት ይልቅ እንዲህ ያለ አንድ ሰው በቋሚ ደመወዝ መቅጠር ብዙ ያስተምራል፤ ሐኪሙ በየቀኑ ከሥራው ጋር ይማራልና።

ይሁንና እስራኤል ውስጥ ጤና ብሪዑት ከመመሥረቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ምን ሆነ? በጥር 1996 ማሪቭ የተባለው ጋዜጣ ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም ለዓመታት ሳይነገራቸው ሲደፋ እንደነበር ገለጸ። የተሰጠው ምክንያት የኤችአይቪ ሥጋት ነበር። ጥር 28 ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ውስጥ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጡ፤ ከፖሊስ ጋርም ተጋጩ። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽንም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን ሰብሳቢነት ተቋቋመ። ደማቸውን ፈቅደው የሰጡ ወጣቶች፣ ከእነዚያም ውስጥ ወታደሮች፣ እጃቸውን ዘርግተው ሲቀዱ ነርሷ ምን ያህል ትሕትና እንዳሳየቻቸው ምን ይፈይዳል? ውሳኔው ከነርሷ በላይ፣ በዝምታ ተወስኗል። ባለሙያን በፈገግታና በሰላምታ አሠልጥኖ መመሪያውን እንዳለ መተው ለእኔ ሥልጠና አይባልም። ለጤና ባለሙያ የሚሰጥ ማንኛውም የባህል ትምህርት «እዚህ ቤት ውስጥ በአንድ ወገን ላይ ብቻ የሚሠራ ደንብ አለ ወይ? ካለ ማን ይመልስለታል?» የሚለውን ጥያቄ ማካተት አለበት።

ይህን በግልጽ የተናገረችው የኒውዚላንድ ነርስ ኢሪሃፔቲ ራምስደን ናት፤ ራሷም ከአገሪቱ ነባር ሕዝብ ከማኦሪ ነበረች። እሷና ባልደረቦቿ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያነሡት ጥያቄ አቅጣጫውን የለወጠ ነው። ተማሪዋ ስለ ማኦሪ ልማድ ምን ያህል ታውቃለች የሚለውን ትተው፣ ማኦሪዋ ታካሚ በዚህች ነርስ እጅ ክብሯ ተጠብቆ ታክማለች ወይ ብለው ጠየቁ። ፈራጇም ታካሚዋ ናት። የአገሪቱ የነርሶች ምክር ቤት በ1992 ይህን በነርሶችና በአዋላጆች ትምህርት ውስጥ አስገባው፤ በመመዘኛ ፈተናውም ከመቶ ሃያ ያህሉን ድርሻ ያዘ። ብዙ ተቃውሞ ተነሣበት፤ በጋዜጣ ተዘለፈ፤ ፓርላማ ድረስ ደረሰ። ግን ጸና።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። ስለ ባህልና ሕክምና ሲወራ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙውን ጊዜ ራሳችንን በታካሚው ወንበር ላይ እናስቀምጣለን፤ ፈረንጁ ሐኪም አልገባውም እንላለን። ከሰማንያ በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገራችን ግን በሐኪሙ ወንበር ላይ የተቀመጥነው እኛ የሆንንበት ቦታ ብዙ ነው። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የተማረ፣ በአማርኛ የሚያስብ ጀማሪ ሐኪም አፋር ወይም ቦረና ይመደባል። ታካሚዋ የምትለውን አይሰማም። በር ላይ ያለው ጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ ትጠራለች። ጥበቃው የዚያው ቀበሌ ሰው ነው፤ ባሏን ያውቀዋል፤ ምናልባትም ይዛመዳታል። እሷ የመጣችው ስለ ማሕፀን ፈሳሽ ልትናገር ነው። «ሆዷን ነው የሚያማት» ይላል ጥበቃው። የጨጓራ መድኃኒት ታዞላት ትሄዳለች። ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው፤ መዝገብ ላይ ግን እንደ ስህተት አይገባም።

ጥሩ የተሠራም አለን። በ1995 በእኛ አቆጣጠር የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን ከየአካባቢው መልምሎ፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ ወደዚያው ወደ ተገኙበት ሰፈር መልሷቸዋል፤ ቋንቋውንም ወጉንም ከማንም በላይ ያውቁታል። ወላድ እናቶች ጤና ጣቢያ አንሄድም ሲሉ አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ለምን ብለው ጠየቁ። መልሱ ከመሃይምነት ጋር አልተያያዘም፤ ክፍሉ ይበርዳል፣ እናት ወይም አማት አትገባም፣ ገንፎው የለም፣ ቡናው የለም፣ በጀርባ ተኝቶ ማማጥ ያሳፍራል። ገንፎው በጤና ጣቢያው ግቢ ሲገነፋ፣ ቡናውም ሲፈላ እናቶቹ መጡ። የጸበሉም ጉዳይ አለ። ነፃ የኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 ሲጀመር እንጦጦ ማርያም ጸበል ላይ የሰፈሩ ብዙ ሕሙማን መድኃኒትና ጸበል አብረው አይሄዱም ብለው ትተውት ነበር። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ፤ ለዚህም የጤና ባለሙያዎች ከቤተ ክርስቲያን ጋር መነጋገራቸው ረድቷል። ጸበሉን ያጥላላ ሐኪም ያን ሰው ዳግመኛ አያገኘውም ነበር።

ከውጭ ለሚመጡ አስተማሪዎችም ምሳሌ አለን። በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተፈራረቁ ለአንድ አንድ ወር መጥተው ያግዙ ነበር። ምን ይማር የሚለውን የሚወስነው አዲስ አበባ ነበር። ካናዳዊው መምህር አማኑኤል ሆስፒታል ውስጥ ታካሚ ሲያይ ዛርንና ቡዳን የሚያስረዳው ተማሪው ነው፤ እዚያ ላይ መምህሩም ይማራል።

ስለዚህ ለጤና ኮሌጆቻችን የማቀርበው ሐሳብ ብዙ በጀት አይጠይቅም። ባለሙያ በሚመደብበት አካባቢ ቋንቋ ቢያንስ ሰላምታውን፣ ሕመም መጠየቂያውንና «ይቅርታ፣ አልገባኝም» ማለትን ከመሄዱ በፊት ይማር። የሦስቱ ወንበር ልምምድ እንደ መርፌ አወጋጉ ሁሉ በተግባር ይፈተን። ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ማስተርጎማቸው ካልቀረ ሥልጠናና አበል ይሰጣቸው፤ ምሥጢር ለመጠበቅም ቃል ያስገቧቸው። በተማሪው የመጨረሻ የተግባር ፈተና ላይ ደግሞ ከመቶ ሃያው ነጥብ በታካሚው እጅ ይሁን። ነጥቡን የሚሰበስበው መምህሩ ሳይሆን በታካሚው ቋንቋ የሚናገር ሌላ ሰው ይሁን፤ ተማሪው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ የተባሉትን እንዴት እንደተረዱት ይንገሩኝ፤ ያሳፈረዎት ወይም ያስቀየመዎት ነገር ነበር ወይ? ለመናገር ፈልገው ያልጠየቅንዎት ነገር አለ ወይ? ለሦስተኛው ጥያቄ የሚገኘው መልስ ለተማሪው ብቻ ተነግሮ አይቅር። ተጽፎ ለኮሌጁ ዲንና ለሐኪም ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ይድረስ፤ እነሱም በሦስት ወር ውስጥ ምን እንደለወጡ ለዚያው ተማሪ በጽሑፍ ይመልሱለት።